ሕክምናዊ መዝናኛ፦ እንክብካቤ የሚሹ ወገኖችን በወረርሽኝ ወቅት ለመደገፍ

መግቢያ

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ከተገለጸበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አንስቶ ለኅብረተሰቡ በተደጋጋሚ ከተላለፉት መልእክቶች አንዱ፣ አረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ወገኖች በተቻለ መጠን ከቤት እንዳይወጡና ከሰዎች ጋር ያላቸውን ንክኪ እንዲቀንሱ የሚያሳስበው ነበር። መልእክቱ ተገቢ ነበር። በሽታው በእነዚህ ወገኖች ላይ እንደሚበረታ በሚገባ የታወቀ ሲሆን፣ ብዙ ቤተሰቦችም ምክሩን ተቀብለው ወላጆቻቸውን ከሕመም ጠብቀዋል።

ይሁን እንጂ ቤት መዋል ብቻውን ጤና አይሆንም። አንድ ምሳሌ እንመልከት። ምሳሌው ለማስረዳት ያህል የቀረበ እንጂ የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን በየቤቱ የምናየው ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀደም ሲል ባጋጠማቸው ስትሮክ ቀኝ እጃቸው የደከመ አንዲት እናት አሉ። ከወረርሽኙ በፊት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከጎረቤት ጋር ቡና ይጠጣሉ፤ በደከመው እጃቸውም ቢሆን ምስር ይለቅማሉ፣ የጓሮውን ጤና አዳም ውሃ ያጠጣሉ። ወረርሽኙ ሲመጣ ደጅ መውጣቱ ቀረ፤ የቡናው ማኅበርም ተበተነ። ልጆቻቸው ደግሞ ከፍቅርና ከሥጋት የተነሳ «እማዬ፣ አንቺ አትድከሚ፤ እኛ እንሠራዋለን» እያሉ የቀረውንም ሥራ ከእጃቸው ወሰዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ እኚህ እናት ከአልጋ ለመነሳት ሰው መደገፍ ጀመሩ። ምግብ ቀነሱ፤ ቀን ያንቀላፋሉ፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣሉ፤ «ከእንግዲህ ለምን እኖራለሁ?» ማለትም አመጡ። ቫይረሱ ወደ ቤቱ አልገባም፤ የእናትየው ጤና ግን ተጎድቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጉዳት ሊከላከሉት የሚቻል መሆኑን ማስገንዘብ ነው። መከላከያው በአብዛኛው ገንዘብ የማይጠይቅና በየቤታችን በሚገኝ ነገር የሚከናወን ሲሆን፣ በሙያ ቋንቋ ሕክምናዊ መዝናኛ ይባላል።

ሕክምናዊ መዝናኛ ምንድን ነው?

ሕክምናዊ መዝናኛ ማለት በሕመም፣ በአካል ጉዳት ወይም በዕድሜ መግፋት ምክንያት እንክብካቤ የሚሻ ሰው፣ ደስ በሚያሰኘውና ትርጉም በሚሰጠው ተግባር አማካኝነት የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ሕይወት ብቃቱን እንዲጠብቅ ወይም መልሶ እንዲያገኝ የሚረዳ የእንክብካቤ ዘርፍ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተለይ በአሜሪካ የቆሰሉ ወታደሮች በሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች እየተስፋፋ መጥቶ ራሱን የቻለ ሙያ ለመሆን በቅቷል። በሀገራችን በዚህ ስም በስፋት የተደራጀ ሙያ ባይሆንም፣ መሠረተ ሐሳቡ ለባህላችን እንግዳ አይደለም።

ከተራ መዝናኛ የሚለይበት ነጥብ ግብ ያለው መሆኑ ነው። ቴሌቪዥን ከፍቶ አንድን አረጋዊ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ማስቀመጥ ሕክምናዊ መዝናኛ አይደለም። ያው አረጋዊ የሚወዱትን ዝግጅት መርጠው ካዩ በኋላ ስላዩት ነገር ከልጅ ልጃቸው ጋር ቢወያዩ ግን ማስታወስ፣ ማሰብና መነጋገር ይለማመዳሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ሰውየው በተግባሩ ውስጥ ካላቸው ተሳትፎ እንጂ ከመሣሪያው አይደለም።

መዝናናት የቅንጦት ጉዳይ ተደርጎ መታየትም የለበትም። በ1948 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 24 የዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ የማግኘት መብትን አረጋግጧል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች በባህላዊ ሕይወት፣ በመዝናኛና በስፖርት ከሌሎች ጋር በእኩልነት የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ወረርሽኝ የመብቱን አፈጻጸም ሊለውጥ ይችላል፤ መብቱን ግን አያስቀርም።

ለምን ያስፈልጋል?

ሀ. ለአካል ጤንነት። ጡንቻ የማይሠራበት ከሆነ ይሟሽሻል፤ ይህም በአረጋውያን ላይ እጅግ ይፈጥናል። በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ጤናማ አረጋውያን ለ10 ቀናት ብቻ አልጋ ላይ ሲውሉ ከእግራቸው ጡንቻ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ መቀነሱን አሳይቷል። የተቀነሰውን ለመመለስ ደግሞ ከጠፋበት ጊዜ እጅግ የረዘመ ጊዜ ይጠይቃል። የእግር ጡንቻ ሲደክም መውደቅ ይከተላል፤ መውደቅ ስብራትን፣ ስብራትም ረጅም የአልጋ ቁራኛነትን ያስከትላል። ከዚህም ሌላ ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥና መተኛት ለሆድ ድርቀት፣ ለአልጋ ቁስልና በእግር ደም ሥር ውስጥ ለሚፈጠር የደም መርጋት ያጋልጣል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ሕመማቸውን ለመቆጣጠር እንቅስቃሴ የግድ ያስፈልጋቸዋል።

ለ. ለአእምሮ ጤንነት። ድብርት ሰውን ከሚወደው ነገር ያርቀዋል፤ ከሚወደው ነገር መራቁ ደግሞ መልሶ ድብርቱን ያባብሰዋል። ይህን አዙሪት ለመስበር ከሚረዱ የሥነ ልቦና ሕክምና ዘዴዎች አንዱ ስሜቱ እስኪመጣ ሳይጠብቁ በትንንሽ አስደሳች ተግባራት መጀመር ነው። ብዙዎቻችን «ደስ ሲለኝ እሠራለሁ» እንላለን፤ በድብርት ጊዜ ግን በአብዛኛው ሥራው ይቀድማል፣ ደስታው ይከተላል። እንዲሁም መጠነኛ የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች በጨዋታ፣ በትዝታና በውይይት የሚሰጥ አእምሮን የማነቃቃት ድጋፍ የማሰብ ችሎታቸውንና የኑሮ ጥራታቸውን እንደሚደግፍ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ሕመሙን አያድንም፤ ሰውየው ያለውን ችሎታ እንዲጠቀምበት ግን ያግዛል።

ሐ. ለማኅበራዊ ግንኙነት። በሀገራችን ዕድርና ማኅበር፣ ሰንበቴና ጀማዓ፣ ቡናና ለቅሶ የሰው ልጅ «አለሁ» የሚልባቸው መድረኮች ናቸው። እነዚህ ሲቋረጡ ብቸኝነት ይነግሣል። አካላዊ ርቀት መጠበቅ ግን ማኅበራዊ ርቀት መፍጠር ማለት አይደለም። በሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀን በቃልና በልብ መቀራረብ እንችላለን።

መ. ለክብር። እንክብካቤ የሚሻ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀባይ ነው፤ ያጎርሱታል፣ ያጥቡታል፣ ያነሱታል። ለሰዎች የሚሰጠው ነገር ሲያጣ ሸክም የሆነ ይመስለዋል። ምርቃት፣ ተረት፣ ምክር፣ የተለቀመ አንድ ሰፌድ ምስር፣ እነዚህ ሁሉ «አሁንም አስፈልጋለሁ» የሚያሰኙ ስጦታዎች ናቸው። በመግቢያችን የጠቀስናቸው እናት ያጡት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሥራውን ከእጃቸው ስንወስድ ድካምን ብቻ የወሰድን መስሎናል፤ በቤቱ ውስጥ የነበራቸውን ስፍራም አብረን ወስደናል።

ከመጀመራችን በፊት፦ አራቱ ደረጃዎች

የሕክምናዊ መዝናኛ ባለሙያዎች የሚከተሉትን አሠራር ማንኛውም ቤተሰብ በቀላሉ ሊተገብረው ይችላል።

1. ሰውየውን ማወቅ። ምን ይወዱ ነበር? በምን ሙያ ኖሩ? ከየት አካባቢ መጡ? አሁንስ ምን ማድረግ ይችላሉ፣ ምንስ ያቅታቸዋል? ገበሬ የነበሩ አባት አበባ ከመሳል ይልቅ በጣሳ የተዘራ ገብስ መንከባከብ ሊመርጡ ይችላሉ። መምህር የነበሩ ሰው የልጅ ልጆቻቸውን ደብተር ማረም ሊያስደስታቸው ይችላል። ስለ እርሳቸው ከመወሰናችን በፊት ራሳቸውን እንጠይቅ። መናገር ለማይችሉትም የፊታቸውን ገጽታና የዓይናቸውን እይታ እንከታተል።

2. ግብ ማስቀመጥ። ግቡ ትንሽና የሚታይ ይሁን። «እንዲሻላቸው» የሚለው ግብ አይለካም። «በዚህ ሳምንት በየቀኑ ጠዋት ከአልጋ ወርደው በረንዳ ላይ ለ10 ደቂቃ ይቀመጡ» የሚለው ግን ይለካል።

3. ተግባሩን መምረጥና ማመቻቸት። ተግባሩ ከሰውየው አቅም በላይ ከሆነ ያሳፍራል፤ ከአቅም በታች ከሆነም ያሰለቻል። ስለዚህ ተግባሩን ማስቀረት ሳይሆን ማቅለል ይገባል። ቆመው ለማይችሉት በወንበር፣ በሁለት እጅ ለማይችሉት በአንድ እጅ፣ ማንበብ ለማይችሉት በማዳመጥ እንዲከናወን እናድርግ።

4. ውጤቱን ማየት። ከተግባሩ በኋላ ምን ተለወጠ? ፈገግ አሉ? ደክመዋል? የተሻለ በሉ? እንቅልፍ ተኙ? በአንድ ደብተር ላይ በቀን አንድ መስመር መጻፍ በቂ ነው። ማስታወሻው ለሕክምና ክትትል በምትሄዱበት ጊዜ ለጤና ባለሙያውም ይጠቅማል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ልጆቹ ይህን አሠራር ቢከተሉ እናታቸው ቡና ማፍላትንና ማስተናገድን እንደሚወዱ ያስታውሳሉ። ግቡ «በቀን አንድ ጊዜ ከአልጋ ተነስተው ከቤተሰቡ ጋር ለግማሽ ሰዓት እንዲቀመጡ፣ በደከመው እጃቸውም እንዲሠሩ» ይሆናል። እናት ክንድ ማስደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ቡናውን በሰፌድ ላይ ይለቅማሉ። የደከመው ቀኝ እጅ እያንዳንዷን ፍሬ ሲያነሳ ጣቶቹ ይለማመዳሉ። ቆሎው ያለው ሙቀትና የጀበናው ክብደት ለእርሳቸው አደገኛ በመሆኑ ቡናውን የሚቆላውና የሚቀዳው ልጅ ነው፤ «አሁን ይውጣ፣ በቅቷል» የሚሉት ግን እናት ናቸው። ከእርሳቸው ጋር የሚጠጡት እዚያው ቤት የሚኖሩ የቤተሰብ አባላት ብቻ ሲሆኑ፣ የቀድሞዋ የቡና ጓደኛቸው በስልክ ድምፅ ማጉያ ትቀላቀላለች። መጨረሻ ላይ የሚመርቁት እናት ናቸው። በዚህ አንድ ተግባር ጣት፣ እግር፣ ትዝታ፣ ጨዋታና ክብር አብረው ይታከማሉ።

በቤት ውስጥ ሊከናወኑ የሚችሉ ተግባራት

የእንቅስቃሴ ተግባራት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያንም ጭምር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን፣ እንዲሁም በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንን የሚያጠነክሩ ልምምዶችን ይመክራል። ይህ ለደከመ ሰው ሩቅ መስሎ ቢታይም ድርጅቱ ራሱ ከምንም ጥቂቱ እንደሚሻል ያስገነዝባል። በ5 ደቂቃ መጀመር ይቻላል። ከወንበር ላይ ተደግፎ መነሳትና መቀመጥ፣ በሚወዱት ዜማ ትከሻንና እጅን ማወዛወዝ፣ በግቢ ውስጥ መመላለስ፣ አልጋ ላይ ላሉትም ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ጠቃሚ ነው። እስክስታ ለሚወዱ ሰዎች ተቀምጠው ትከሻ መስበቅ ጥሩ እንቅስቃሴ ነው።

የአእምሮ ጨዋታዎች። ገበጣ መቁጠርን፣ ማቀድንና የጣት ቅልጥፍናን በአንድነት ያለማምዳል። ሰሌዳው ከሌለ በካርቶን ላይ ክቦችን ስሎ በባቄላ ወይም በጠጠር መጫወት ይቻላል። ዳማ በቆርኪ ሊዘጋጅ ይችላል። እንቆቅልሽ ደግሞ ምንም ዕቃ ስለማይጠይቅና በርቀት ስለሚከናወን ለወረርሽኝ ጊዜ እጅግ ተስማሚ ነው። በሌላ ከተማ የሚኖር የልጅ ልጅ በስልክ «እንቆቅልሽ» ብሎ ጀምሮ መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጡኝ» ሲል፣ አያት የሚሰጡትን አገር ሲመርጡ በሐሳባቸው አገሩን ይዞራሉ።

የእጅ ሥራዎች። ጥጥ መፍተል፣ ስፌት፣ ሹራብ መሥራት፣ ሽምብራ ወይም ምስር መልቀም፣ ልብስ ማጣጠፍ ጣትንና ዓይንን ያስተባብራሉ። የሚሠራው ነገር ለቤቱ የሚጠቅም ሲሆን ደስታው ይበልጣል።

የአትክልት ሥራ። ሰፊ ግቢ አያስፈልግም። በአሮጌ ጀሪካን ወይም በጣሳ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ቆስጣ ወይም ሽንኩርት መትከል ይቻላል። የሚበቅል ነገር ነገን እንድንጠብቅ ያደርጋል፤ ለፀሐይና ለንጹሕ አየርም ያወጣል።

ትዝታና ትረካ። የቤተሰብ ፎቶግራፎችን አብሮ ማየት፣ የትውልድ ሐረግን ማስቆጠር፣ የልጅነት ዘመንን፣ የሠርግን፣ የሥራ ዘመንን ታሪክ በስልክ መቅጃ መቅረጽ ለአረጋውያኑ መዝናኛ፣ ለቤተሰቡም ቅርስ ነው።

መንፈሳዊ ሕይወት። ጸሎትና ዱዓ፣ መዝሙርና መንዙማ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፉ መንፈሳዊ መርሐ ግብሮች ለብዙ ወገኖቻችን የመጽናናት ምንጭ ናቸው። ወደ ቤተ እምነት መሄድ ለተከለከለ ሰው የተለመደውን የጸሎት ሰዓት በቤት ውስጥ ማክበር የቀኑን ሥርዓትም ይጠብቃል።

ልዩ ትኩረት የሚሹ ሁኔታዎች

የመርሳት ሕመም ያለባቸው። በጥያቄ አንፈትናቸው። «አባባ፣ ይህን ሰው አስታወሱት?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ሲጠፋ ያሳፍራል፣ ያስቆጣልም። በእርሱ ፈንታ «አባባ፣ ይህ የሠርግዎ ዕለት ነው፤ አጠገብዎ የቆሙት ወንድምዎ ናቸው» ብለን እኛው እንጀምርላቸው። ታሪኩን ቢያዛንፉትም አንከራከር። ተግባራት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና ቦታ ቢከናወኑ ግራ መጋባትን ይቀንሳሉ። ጭንብል ፊትን ስለሚሸፍን ሊያስደነግጣቸው ይችላልና ወደ ክፍሉ ስንገባ ስማችንን በረጋ ድምፅ እንናገር።

የማየት ወይም የመስማት ጉዳት ያለባቸው። ማየት ለተሳናቸው በድምፅ፣ በመዳሰስና በሽታ የሚለዩ ተግባራትን እንምረጥ፤ ዕቃዎችንም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እናስቀምጥ። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ በምልክት፣ በጽሑፍና በሥዕል እንግባባ። በከንፈር እንቅስቃሴ የሚያነብ ሰው ጭንብል ስናደርግ ንግግራችን እንደሚጠፋበት አንዘንጋ።

የአካል ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሕፃናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ጨዋታና ሕክምናዊ ልምምድም ተቋርጦባቸዋል። የጨዋታ ሰዓታቸው ቋሚ ይሁን። እህትና ወንድሞቻቸው በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ ሚና እንስጣቸው፤ መሮጥ የማይችል ልጅ ቆጣሪ ወይም ዳኛ ሊሆን ይችላል።

በለይቶ ማከሚያ ወይም በቤት ውስጥ ተለይተው ያሉ። ሕመሙ በበረታባቸው ጊዜ ዕረፍት ይቀድማል። ሲሻላቸው የራሳቸው መጽሐፍ፣ ሬዲዮ፣ ስልክ ወይም የእጅ ሥራ ይኑራቸው። ቤተሰብ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ይደውል፤ ሰዓቱ የታወቀ ሲሆን መጠበቁ ራሱ ቀኑን ያሳጥራል። ከኮቪድ-19 ያገገሙ ሰዎች ድካምና የትንፋሽ ማጠር ሊቆይባቸው ስለሚችል ወደ እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ይመለሱ።

የጥንቃቄ ደንቦች

መዝናኛው ለበሽታው መተላለፊያ እንዳይሆን የሚከተሉትን እናክብር።

• ከተግባሩ በፊትና በኋላ ሁሉም ተሳታፊ እጁን በሳሙናና በውሃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠብ፤ ካልሆነም በአልኮል ያጽዳ።
• ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው እንክብካቤ ወደሚሻው ሰው ክፍል አይግባ።
• ከሌላ ቤት የሚመጣ ጎብኚ ካለ ከቤት ውጭ ወይም በረንዳ ላይ፣ ጭንብል አድርጎና ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቆ ይጎብኝ። የጉብኝቱ ጊዜም አጭር ይሁን።
• በርና መስኮት ይከፈት። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይነድ፤ ጭሱ የመተንፈሻ አካል ሕመምን ከማባባሱም በላይ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዙ ሕይወት ያጠፋል።
• የመጫወቻ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ ስልክና የመሳሰሉት ከጨዋታው በኋላ ይጽዱ። በቀላሉ የማይጸዱ እንደ ክርና ጥጥ ያሉ ዕቃዎች ለአንድ ሰው ብቻ ይመደቡ።
• ሲኒ፣ ብርጭቆና ማንኪያ አንጋራ፤ መጎራረስም ለጊዜው ይቆይ።
• በተዘጋ ክፍል ውስጥ በኅብረት መዘመርና ጮክ ብሎ መናገር ከአፍ የሚወጡ ጠብታዎችን ያበዛልና ከቤቱ ሰዎች ውጭ ካሉ ጋር ከቤት ውጭ ወይም በስልክ ይሁን።
• መውደቅን ለመከላከል ወለሉ ደረቅ፣ መተላለፊያው ክፍት፣ ጫማው የማያንሸራትት ይሁን።

መቼ እናቁም? መቼስ እርዳታ እንጠይቅ?

ሰውየው በተግባሩ መካከል የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ ማዞር ወይም ከፍተኛ ድካም ከተሰማው ወዲያውኑ ይቁም፤ ምልክቱ ካልተሻለው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ድንገት ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ ወይም ንግግር ከተያዘ የስትሮክ ምልክት ስለሆነ ደቂቃ ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ኀዘን፣ ምግብ መተው፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቀድሞ የሚወዱትን ሁሉ መጥላት የድብርት ምልክት ሊሆን ይችላል። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ንግግር በእርጅና ወይም በምሬት ተሳቦ የሚታለፍ አይደለም። ሰውየውን ብቻውን ሳንተው፣ ሳንቆጣና ሳንገሥጽ እናዳምጠው፤ በፍጥነትም ወደ ጤና ባለሙያ እናድርሰው። ሕክምናዊ መዝናኛ ሕክምናን ይደግፋል እንጂ አይተካም፤ የታዘዘ መድኃኒትም በእርሱ ምክንያት አይቋረጥም። ኮቪድ-19ን በተመለከተ መረጃ ለማግኘት ወይም ጥርጣሬ ሲኖር በነጻ የስልክ መስመሮች 8335 ወይም 952 ይደውሉ፤ በአቅራቢያዎ ያለውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ያማክሩ።

ተንከባካቢውን አንርሳ

በአብዛኛው ቤት ውስጥ የእንክብካቤው ሸክም በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ሚስት፣ ልጅ፣ ምራት ወይም የቤት ሠራተኛ። የደከመ ተንከባካቢ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ይህም ለሁለቱም ጎጂ ነው። ስለዚህ ሥራው በቤተሰቡ አባላት መካከል ይከፋፈል፤ ተንከባካቢዋ በቀን ቢያንስ ጥቂት ሰዓት የራሷ ዕረፍት ይኑራት። በውጭ ሀገር ወይም በሌላ ከተማ የሚኖሩ ልጆችም ገንዘብ ከመላክ ባሻገር በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት በስልክ ወላጃቸውን በማጫወት ተንከባካቢዋን ማሳረፍ ይችላሉ። ከዚህም ሌላ ሕክምናዊ መዝናኛ የተጨማሪ ሥራ ዝርዝር ሆኖ መታየት የለበትም። ምስሩ መለቀሙ፣ ቡናው መጠጣቱ አይቀርም፤ የሚጠበቅብን እንክብካቤ የሚሻውን ሰው በሥራው ውስጥ ማካተት ነው።

ማጠቃለያ

በወረርሽኝ ወቅት በሽታውን ለመከላከል እጃችንን መታጠብ፣ ጭንብል ማድረግና ርቀታችንን መጠበቅ ይገባናል። ከዚሁ ጎን ለጎን የምንጠብቀው ሰው እየኖረ መሆኑን እናረጋግጥ። በመግቢያው የጠቀስናቸው እናት ስትሮኩም ዕድሜያቸውም ከእርሳቸው ጋር ይቆያል፤ ነገር ግን ጠዋት ለመነሳት ምክንያት ሲኖራቸው እግራቸው ይጸናል፣ ምግባቸው ይጨምራል፣ ቃላቸውም ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬ፣ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ፣ በቤትዎ ካሉት አረጋዊ፣ ታማሚ ወይም አካል ጉዳተኛ ዘንድ ቀርበው «ዛሬ ምን ብንሠራ ደስ ይልዎታል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ሰምተው ከሚቻለው በትንሹ ይጀምሩ። ከእጃቸው የወሰድነውን ሥራ በአቅማቸው ልክ አዘጋጅተን እንመልስላቸው።